ከአራስ ትራስ ሥር የሸጎጥኩት መሪ

ሰው ጦርነት ሲመጣ ዱቄት ያከማቻል፤ እኔ ቂሉ ከድንበር ማዶ፣ ገዳሪፍ ውስጥ፣ በተከራየሁት ግቢ፣ የድሮ ስፖርት መኪና አድስ ነበር። ባሱንዳ በሚባል አገር፣ አንድ የሰሊጥ ገበሬ መጋዘን ውስጥ፣ ዶሮ እንቁላል ታቅፋባት ነው ያገኘኋት። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝገቷን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ፣ የበሰበሰ ወለሏን በበርሜል ቆርቆሮ በየድኩ። ባለቤቴ «ከእኔና ከሷ ማንን ነው ያገባኸው?» እያለች ትተርበኝ ነበር።

ታጣቂዎች የሚነዳ መኪና ሁሉ ከነሾፌሩ እየወሰዱ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ግን ክው አልኩ። መኪናዋስ ትሂድ፤ እኔስ? ባለቤቴ ከወለደች ገና አሥር ቀኗ ነው። ከመተማ ከተሻገረች ዓመት አልሞላትም፣ ዐረብኛ አታውቅም፣ ከእኔ በቀር ዘመድ የላትም። አራስ አላስደነግጥም ብዬ መኪና ይወስዳሉ ብቻ አልኳት፤ ሾፌሩንም የሚለውን ዋጥኩት። ከዚያ የመኪናዋን መሪ ፈታሁ። በእኛ ዘንድ አራስ ከራስጌዋ ብረት አይለያትም፤ የነበረውን ቢላዋ አነሳሁና በምትኩ መሪውን ትራሷ ሥር ሸጎጥኩት። «ሰይጣኑም ታጣቂውም አብረው ይራቁልሽ» ስላት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሁለት ታጣቂዎች በእግራቸው መጡ። ትልቁ የመኪናዋን ሸራ ገልጦ አያትና «መሪዋስ?» አለኝ በዐረብኛ።

«ስገዛትም አልነበራት» አልኩ።

«አንተ ሐበሺ፣ አምጣ! አንተ ነህ የምትነዳልን፤ አብረኸን ትሄዳለህ» ብሎ በሰደፍ ደረቴን ሲለኝ መሬት ላይ ተዘረርኩ። አራስ ቤት ወንድ እንደማይገባ እነሱም ያውቃሉ፤ አራሷን ወደ ከለለው የበሩ መጋረጃ ዝር አላሉም። ተስፋዬ ሁሉ ያ መጋረጃ ነበር።

መጋረጃው ተገለጠ። የባለቤቴ ክንድ ብቻ ወጣ፤ መሪውን ይዟል። «እንኩ! ውሰዱ! ባሌን አትግደሉብኝ!» ትላለች በአማርኛ። ኧረ በእመቤቴ፣ መልሽው! ልላት ስል፣ ትልቁ ነጥቆ ወረወረልኝ።

ተነስቼ ገጠምኩት። ብሎኑ ሁለቴ ከእጄ ወደቀ። ገብቼ ቁልፉን ሳዞር፣ ስንት ወር ስለምናት እምቢ ያለችኝ ጉድ፣ በአንዴ ተነሳች። አያድርስ ነው፣ ያኔም ለቅጽበት ደስ አለኝ። ትንሹ ታጣቂ ዘሎ ከጎኔ ተቀመጠ። ትልቁ የሚቀመጥበት ፈለገ፤ ሦስተኛ ወንበር የለም። ቆም ብሎ አየኝ። «ኢንዚል!» አለና ክንዴን ጎትቶ አወረደኝ፤ መሪውን እሱ ያዘ። የግቢውን በር እየታከኩ ወጡ።

አቧራው ላይ ቁጭ አልኩ። በሕይወት የተረፍኩ አልመሰለኝም።

ስገባ ባለቤቴ ልጁን ታቅፋ ትንሰቀሰቃለች። «የሦስት ዓመት ልፋትህን በገዛ እጄ ሰጠሁብህ፤ ይቅር በለኝ» አለችኝ።

«ግዴለም፣ ቆርቆሮ ነው» አልኳት። በዚያች እጇ እኔንም አብራ ልትሰጠኝ እንደነበር እስካሁን አልነገርኳትም።