ለንስሐ አባታችን የጻፍኩት ሁለተኛ ደብዳቤ

ዛሬ ጠዋት እህቴ ከሞጣ ደወለች። «ሁለቱም ራሳቸውን ችለው መጥባት ጀመሩ፤ ሐኪሙ ነገ ውጡ ብሎናል» አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ግቢያችንን ሁለት ጊዜ ዞርኩት።

«ምነው፣ ንብ ነደፈሽ?» አለች እናቴ። ስነግራት ጎንበስ ብላ መሬቱን ሳመችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝምና ይኸው እጽፋለሁ።

እህቴ ያገባችው ሞጣ ነው። በእኛ ወግ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ስለሆነ ቢቸና መጥታ ትወልዳለች ብለን የገንፎውን እህል አዘጋጅተን እንጠብቅ ነበር። በሰባተኛው ወር ግን ሐኪሙ መንታ መሆናቸውን፣ ደሟ ማነሱን፣ ግፊቷም ከፍ ዝቅ እንደሚል ነገራትና መኪና መሳፈር ከለከላት። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ እርግዝናቸው የሚያሰጋ እናቶች የሚቆዩበት ቤት አለ፤ እዚያ ገባች። አባቴ እግሩን ታሞ ስለነበር እናቴ ትታው መሄድ አልቻለችም። እኔ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ላስታምማት ሄድኩ።

ስሸኝ እናቴ አጥብቃ ያዘዘችኝ አንድ ነገር ነው። «ሁለት መሆናቸውን ለማንም እንዳትተነፍሺ። የሰው ዓይን ክፉ ነው።»

ጊዜው የሁዳዴ ጾም ነበር። ሐኪሙ እንቁላል ብይ፣ ወተት ጠጪ ሲላት እህቴ «እሺ» ትላለች። ጠዋት ጠዋት እንቁላል ቀቅዬ እሰጣታለሁ፤ ዕቃ አጥቤ ስመለስ የለም። በልታዋለች ብዬ ደስ ይለኛል። በአራተኛው ቀን ክፍሉ አንድ ነገር ይሸት ጀመር። ከአልጋዋ ሥር ያለውን ዘንቢል ብፈትሽ አራቱም እንቁላሎች በጨርቅ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል።

አጠገቧ የተኛችው ከየጁቤ የመጣች ነፍሰ ጡር ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እንዴ፣ ይቺ ሰው በተቀቀለ እንቁላል ጫጩት ልታስፈለፍል ነው?»

እህቴ አልሳቀችም። «የንስሐ አባቴ ሳይፈቅዱልኝ አልገድፍም» አለች።

«ለነፍሰ ጡር ይፈቀድ የለም እንዴ፣ እትዬ?» አልኳት።

«ሲፈቅዱልኝ ነዋ።»

የንስሐ አባታችን ያሉት ቢቸና ነው፤ ስልክ አይዙም። ስለዚህ ከደብተሬ ቅጠል ገንጥዬ ጻፍኩላቸው። የእናቴን ትእዛዝ ላለማፍረስ ስል «እህቴን ትንሽ አሟታልና ይጸልዩላት» ብቻ አልኩ። መንታ የለ፣ እርግዝና የለ፣ እንቁላል የለ። ደብዳቤውን የወሰደችው በቢቸናና በሞጣ መካከል ጤፍ የምትነግድ ጎረቤታችን በሦስተኛው ቀን መልሱን ይዛ መጣች። አንድ ጠርሙስ ጠበልና ቃል ነበር፦ በጾም በጸሎት ትበርታ ብለዋል።

እህቴም በረታች። እስከዚያ ቀን ረፋዱ ላይ ሽሮ ትቀምስ የነበረችው ልጅ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አልነካም አለች። በማግስቱ ከአልጋዋ ስትነሳ ዓይኗ ጨልሞባት ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ሕፃናቱ ክብደት እየጨመሩ እንዳልሆነ፣ እንዲህ ከቀጠለችም ለሦስቱም እንደሚሰጋ ነገረኝ።

ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከሰው ዓይን አድናታለሁ ብዬ ከሚያድናት ሰው ደበቅኋት።

ሁለተኛውን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ሰላምታው እየረዘመ እውነቱ ጋ አልደርስ አለኝ። በመጨረሻ ሰላምታውን አሳጥሬ እንዲህ አልኩ፦ «አባታችን፣ ፊተኛው ደብዳቤዬ እውነቱን ደብቆዎታል። እህቴ መንታ አርግዛለች፤ ደም አንሷታል። ሐኪሙ ብይ ይላታል፣ እሷ የእርስዎን ቃል ትጠብቃለች። የምትፈራው እግዚአብሔርንና እርስዎን ነው፤ እኔ ደግሞ እሷን እንዳላጣት እፈራለሁ።» ሳነበው ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ ወይ አልኩ።

መልስ አልላኩም። በሁለተኛው ቀን ራሳቸው በአውቶቡስ መጡ፤ ጋቢያቸው አቧራ ለብሷል።

«አንቺ፣ ማን ጹሚ አለሽ?» አሏት እህቴን።

«እርስዎ ነዎት፣ አባታችን። በርቺ ብለው ልከውልኛል።»

አንዴ ወደ እኔ አየት አደረጉ። «እኔ የመለስኩት ትንሽ ላመማት ሰው ነው። ሁለት ሕፃን ለተሸከመችማ መቼ ጻፍኩ? በይ፣ የአንቺን ጾም እኔ በራሴ ጾም ላይ ጨምሬ እጾምልሻለሁ። የአንቺ ድርሻ መብላት ነው።»

«ለእኔም ይጨምሩልኝ፣ አባ» አለች የየጁቤዋ።

«አንቺን ማን ከለከለሽና? ጉንጭሽ እንደሞላ እያየሁት።»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እንቁላሉን ላጥኩላት፤ እሷን ግን በሁዳዴ፣ በንስሐ አባቷ ፊት መጉረስ አሳፈራት። ይህን አይተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና እዚያ የተለጠፈውን የክትባት ማስታወቂያ ጮክ ብለው እንደ ዳዊት ያነቡ ጀመር። ሁለተኛውን እንቁላል እስክትጨርስ ድረስ አልዞሩም።

ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ገፋች። በኦፕሬሽን አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት ወለደች። እኔ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ፤ ሕፃናቱ ትንንሾች ስለነበሩ ግን እሷና ባሏ ሆስፒታል ሆነው እየተቀባበሉ፣ ደረታቸው ላይ አድርገው እያሞቁ አቆዩአቸው። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ።

የምሥራቹን ልነግራቸው ቤተ ክርስቲያን ስደርስ አባታችን ከቅዳሴ እየወጡ ነበር። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ትንሽ አሰቡና «መጻፍ ከቻልሽ አይቀር ይህንንም ጻፊልኝ» አሉኝ። እነሆ መልእክታቸው፦ ያረገዘችና ሐኪም ብይ ብሏት የጨነቃት ሁሉ፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ታገኘኛለችና ትምጣ። ሩቅ ያለችም ወደ ንስሐ አባቷ ትሂድ። መናገር የምታፍር ካለች ወረቀት ይዛ ትምጣ፤ ግን ሳትደብቅ ትጻፈው።