የትም የማይደርሰው ገመድ

ፊደል እየተደናቀፍኩ ነው የምለቅመው፤ የምታነቡ ሰዎች ደፍሬ በመጻፌ እንዳትቀየሙኝ። የጎረቤቴን የራዲዮ ጠጋኙን ነገር ግን በሆዴ ይዤ መቀመጥ አቃተኝ።

ራዲዮ ጠጋኙ መኝታ ቤቱ ውስጥ ቁም ሣጥን የሚያህል የሙዚቃ ማሽን አለው። ፊቱ በሙሉ ቀዳዳ ነው፤ ከአንዱ ቀዳዳ የወጣውን ድምፅ በገመድ ወደ ሌላው ይወስዱታል። ገመድ ካልተሰካ ድምፁ በማሽኑ ሆድ ባለው ሽቦ በራሱ ጊዜ ያልፍና ቤቱን በጩኸት ያናጋዋል። ገመድ ሲሰካ ግን የሆዱ መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ሰውየው ዝም ለማሰኘት አንድ ረጅም ገመድ ሰክቶ፣ ሌላውን ጫፍ ከአልጋው ራስጌ ምስማር ላይ ሰቅሎታል።

ሚስቱ በገመዱ ስትደናቀፍ ከረመች። ወዴት ነው የሚሄደው ብትለው የትም አላት። ታዲያ ምን ይሠራል ብትለው ዝም ያሰኛል አላት። ማሽኑን አጥፋው ስትለው ቅኝቱ ይዛባል ብሎ እንቢ አለ።

"እንግዲያው እኔን ወይ እሱን" አለችና ልብሷን ሸክፋ ታላቅ ወንድሟ ቤት ገባች። ሰውየው እህል አልወርድ አለው።

ቅዳሜ ከሰዓት ወንድምየው ሊያስታርቁ መጡ።

"አንተ ሰውዬ፣ ለገመድ ብለህ ትዳር ትፈታለህ?"

"ጋሼ፣ እባክዎ አይንኩት።"

ጋሼ ነቀሉት። ማሽኑ ጭራው እንደተረገጠ ድመት ጮኸ። ደንግጠው ባገኙት ቀዳዳ ቢወትፉት በጩኸቱ ላይ ከበሮ ተጨመረ። ባርኔጣቸውን ማሽኑ ላይ ደፉ፤ ይቅርታም ጠየቁት። ራዲዮ ጠጋኙ ገመዱን ቦታው ሲመልሰው ማሽኑ ጸጥ አለ። ጋሼ ላባቸውን ጠርገው፣ ማንም እንዳይነካው ገመዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ። ከዚያ እህታቸው ጋ አስደወሉ።

"ስሚ፣ ጥፋቱ ያንቺ ነው። ገመዱ ሥራ ፈት አይደለም፤ አፍ ይዞ ነው።"

"አፍ የሚይዘው ጫፉ አይደል ጋሼ? ጭራው ለምን ቤቴን ይዞራል? ይቁረጠው።"

ጋሼ ያለችውን ነገሩት። ራዲዮ ጠጋኙ ደህና ገመድ መቁረጥን ጣት ከመቁረጥ ለይቶ አያየውም። እስቲ ሌሊቱን ልደርበት አለ።

በማግስቱ ጠዋት መቀስ አንስቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆረጠው። ጆሮውን ማሽኑ ላይ ለጥፎ አዳመጠ፤ ምንም የለም። የተረፈውን ገመድ ክንዱ ላይ ጠቅልሎ ጋሼ ቤት ሄደ። ሚስቱ ደጃፍ ላይ ልብስ እያጠበች ነበር። የተቆረጠውን ጫፍ አገላብጣ አየችና አንዱን ጫፍ ከበሩ መቃን ጋር አሰረችው፤ ሌላውን ያዝ አለችውና ያጠበችውን አሰጣችበት። ልብሷ እስኪደርቅ ገመዱን ወጥሮ ቆመላትና አብረው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።