የፈግፍጌ ፍርግርግ

«ፈግፍጌ» የሚለውን ስም ያወጣችለት የገዛ ሚስቱ ናት። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ በከሰል እየጠበሱ የሚሸጡ ቤቶች ተደርድረዋል፤ የእሱ ከታች የመጨረሻው ነው። ወጣትነቱን አውቶቡስ ሲያጥብ ስለፈጀ ይሁን ወይ ተፈጥሮው ሆኖ፣ ቆሻሻ ካየ እጁ አያርፍም። ደንበኛ እንደሸኘ ፍሙን ያራግብና ፍርግርጉ ላይ የተጋገረውን ሞራ አመድ እስኪሆን ያቃጥለዋል። ከዚያ በሽቦ ብሩሽ ይፈገፍገዋል። በመጨረሻ ግማሽ ሽንኩርት በሹካ ወግቶ ትኩሱን ብረት ከዳር እዳር ያሸዋል።

«ፊትህን እንኳ እንዲህ አትታጠብም» ትለዋለች ሚስቱ።

የመንገዱ ጠባሾች ግን ጣዕሙ ያለው ጥላሸቱ ላይ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በተለይ ከላይ በኩል የመጀመሪያው ቤት ባለቤት፣ ባለጺሙ፣ ፍርግርጉ ከተገዛ ጀምሮ ውሃ ነክቶት እንደማያውቅ እንደ ሹመት ያወራው ነበር። ደንበኛውም አምኖት እዚያ ይጋፋል። ፈግፍጌ ቤት የሚመጣው ሌላ ቦታ ወንበር ያጣ ነው።

አንድ ቀን የጤና ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው፣ መጀመሪያ የሚያየውም ፍርግርግ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ባለጺሙ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ የራሱን ፍርግርግ በጆንያ ጠቅልሎ ከች አለ።

«ወንድሜ፣ ያንተን አንዴ አውሰኝ። የኔን እዚህ አስቀምጥልኝ፤ እሱ አንተ ጋ ሳይደርስ እመልሰዋለሁ።»

ፈግፍጌ ይሉኝታ የገደለው ሰው ነው። ሚስቱ ከጓዳ ሆና በዓይኗ ብትቆጣውም፣ እምቢ ማለት አቃተውና ሰጠ።

ተቆጣጣሪው ባለጺሙ ቤት ገብቶ፣ ፍርግርጉን በጣቱ ነክቶ፣ ጣቱን አይቶ፣ አመስግኖ ወጣ። ወዲያው ፍርግርጉ በሽርጥ ተሸፍኖ በጓሮ በኩል ወደ ቀጣዩ ቤት ሮጠ። ከዚያም ወደሚቀጥለው። ተቆጣጣሪው በፊት በር፣ ፍርግርጉ በጓሮ በር እየተሽቀዳደሙ መንገዱን ወረዱ።

«የሁላችሁም አንድ ዓይነት ነው» አለ ተቆጣጣሪው መሐል ላይ ሲደርስ። «ጥጉ ላይ የጎበጠው ሳይቀር።»

«አብረን ነው የገዛነው ጌታዬ» አለው የቤቱ ባለቤት። «ተስማምተን የምንኖር ሰዎች ነን።»

ነገሩ የተበላሸው የፈግፍጌ ጎረቤት፣ አሳ ጠባሿ ቤት ነው። ተቆጣጣሪው ይህን ሁሉ ንጽሕና ሲያይ ውሎ ምግብ አማረው። አሳ አዘዘና ተቀመጠ። እሱ እስኪጠግብ ፍርግርጉ ከእሳቱ ላይ ሊነሳ አልቻለም።

ፈግፍጌ ደግሞ የባለጺሙን ፍርግርግ ፊቱ አስቀምጦ ዝም ብሎ ማየት አልሆነለትም። ቀዳዳዎቹ እንኳ በጥላሸት ተደፍነዋል። ብሩሹን አንስቶ እጅጌውን ሰበሰበና ጀመረ። ተቆጣጣሪው ጥርሱን እየጎረጎረ ሲገባ ያገኘው እስከ ክርኑ ጠቁሮ ነው።

«እኔ ስመጣ ነው የምታጥበው?»

«ኧረ… የኔ አይደለም ጌታዬ።»

«የማን ነው ታዲያ?»

ፈግፍጌ ቀና ሲል ባለጺሙና አሳ ጠባሿ በር ላይ ቆመዋል። ባለጺሙ ጣሪያውን ይመረምራል። አሳ ጠባሿ የነጠላ ጫማዋን አቧራ ታራግፋለች።

«የኔ ነው» አለ ፈግፍጌ።

ቤቱ ለሳምንት ታሸገ። «ከጎረቤቶችህ ተማር» ብሎትም ሄደ ተቆጣጣሪው።

ማምሻውን አሳ ጠባሿ የፈግፍጌን ፍርግርግ በጓሮ መለሰች፤ ባለጺሙም ሊያጽናና መጣ። ለሰው ብሎ የተጎዳን ሰማይ አይረሳውም ብሎ ብዙ ተናገረ፤ ቀጥሎ የራሱን ፍርግርግ ጠየቀ። ፈግፍጌ ግን አጥቦ ያልጨረሰውን ሊያስረክበው አልወደደም። «ጨርሼ ላምጣልህ» አለው።

በማግስቱ ጨረሰው፤ ፍርግርጉም አብሮ አለቀ። ብረቱ ድሮ ተበልቶ ኖሮ ጥላሸቱ ብቻ ነበር አያይዞ ያቆመው። ፈግፍጌ ስብርባሪውን በጆንያ ይዞ ሲሄድ ባለጺሙ ደሙ ፈላ።

«ደህናውን ዕቃ አጠፋህብኝ! በል፣ ያንተን ስጠኝ!»

ፈግፍጌ እንደ ልማዱ እሺ ሊል አፉን ከፈተ። ይሰጠውም ነበር፤ ግን ሚስቱ ተከትላው መጥታ ኖሮ፣ «ሂድና ከጥላሸቱ ሌላ ጋግር» ባለጺሙን አለችውና ባሏን በክንዱ ይዛ ወሰደችው።

ባለጺሙ አዲስ ገዛ። ደንበኞቹ ጣዕሙ ጠፋ ብለው ለጥቂት ቀን አጉረመረሙ፤ አዲሱ ሲጠቁር ተመለሱ። ፈግፍጌም እሽጉ ሲነሳለት ፍርግርጉን በሰንሰለት ከምድጃው ጋር አስሮ ቆለፈበት። ሊዋስ የመጣ ሲኖር አንገቱን ደፍቶ፣ «ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ተቆጣጣሪው ነው ያዘዘኝ» ይላል።

ሚስቱ ይህን ስትሰማ ጓዳ ገብታ ትስቃለች። ቁልፉ ያለው እሷ ጋ ነው።