ጎደሬ የማይበላው እጅ

እህቴ ከአረብ አገር የተመለሰች ቀን መናኸሪያ ሄጄ የተቀበልኳት እኔ ነበርኩ። ሌላው ተሳፋሪ ሻንጣና ጆንያ ሲያወርድ እሷ ትከሻዋ ላይ አንዲት ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥላ ወረደች። ፀሐዩ እየጠበሰን እጆቿን በሻርፕ ጠቅልላቸዋለች። ልስማት ስጠጋ ጉንጯን ሰጠችኝ እንጂ አላቀፈችኝም።

«ደህና ነሽ? እማስ ደህና ናት?» አለችኝ።

«ደህና ናት። ዓይኗ ብቻ ነው።»

«ጭራሽ አታይም?»

«ጥላ ይታያታል። ሰው መሆኑን ታውቃለች፤ ማን መሆኑን ግን በድምፅና በዳበሳ ነው የምትለየው።»

«ተመስገን» አለች።

እናቷ ዓይኗ ጠፋ ሲሏት ተመስገን የምትል ልጅ ምን ዓይነት ናት ብዬ ከፋኝ። የገባኝ ባጃጅ ውስጥ ሻርፑን ስትፈታው ነው። ከእጅ አንጓዋ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ቆዳው ተጨማዶ ያብለጨልጫል፤ አንዱ ቦታ ነጣ ብሎ ሌላው ጠቁሯል። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች እርስ በርስ ተጣብቀው ወደ ውስጥ ታጥፈዋል። ሹፌሩ በመስታወቱ አየንና የከፈተውን ዘፈን ቀነሰው።

እናታችን በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። የእህቴን ፊት በሁለት እጇ ዳበሰችው፣ አንገቷን ሳመቻት፣ ከዚያ እጇን ፈለገች። እህቴ ወደ ኋላዋ ደበቀችው።

«አምጪው» አለቻት እናቴ።

«እማ፣ ደክሞኛል።»

«አምጪው አልኩሽ።»

ሰጠቻት። እናቴ እያንዳንዱን ጣት ለየብቻ ዳበሰች። ስትጨርስ «ግቢ፤ ምግብ ደርሷል» ብላ ቀድማን ገባች። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ እጅ አንስታ አታውቅም።

አባታችን በጎረምሳነቱ ቡና ለመልቀም ከዳውሮ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። ከቤታችን ጓሮ ባለችው መሬት ላይ ሥራቸው የሚበላ ጎደሬና ቦዬ ተክሎ ነበር። ጎደሬን ሚዛን ከተማ ውስጥ የማያውቀው የለም፤ ቦዬውን ግን ከሩቅ የመጡት ጎረቤቶቻችን ምን እንደሆነ እንኳ አይለዩትም ነበር። ሐረግ ነው፤ እንጨት ላይ ይወጣል፤ ከሥሩ የሚወጣው ነገር የሰው ጭን ያህላል፣ ቆዳው የዛፍ ቅርፊት ይመስላል። ቀቅለው ሲልጡት ግን ነጭ ነው፤ አፍ ውስጥ ይፈርሳል። አባታችን ከሞተ በኋላ ጓሮውን የነካው አልነበረም። እህቴም በዚያው ዓመት ትምህርቷን አቋርጣ ሄደች። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ስውል፣ እናቴ ዓይኗ እየደከመ ሲሄድ፣ ጓሮው ጫካ ሆነ።

በመጣች ሰሞን ሰው ሁሉ «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ» ሊላት ይጎርፍ ነበር። አፋቸው ይመርቃል፣ ዓይናቸው ጭኗ ላይ ካለው ሻርፕ አይነሳም። አንዲት ጎረቤት፣ ምን ሆነሽ ነው ብላ ፊት ለፊት ጠየቀቻት። እህቴ ተነስታ በጓሮ በር ወጣች፤ እንግዳዋ እስክትሄድም አልተመለሰችም። በማግስቱ ገጀራ ይዛ ጓሮውን ስትመነጥር አገኘኋት። ዝናብ እየዘነበባት ነበር። ገጀራው ከእጇ እንዳያመልጥ በሻርፑ አንጓዋ ላይ አስራዋለች።

እንዲህ ስትውል ከረመች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጩኸቷን ሰማሁ። ከመጣች ጀምሮ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ መስማቴ ነበር።

«እማ! የአባዬ ቦዬ አልሞተም!»

አቮካዶው ላይ ተጠምጥሞ እስከ ጫፉ ወጥቷል። እናቴን ክንዷን ይዤ አደረስኳት። ቅጠሉን በጣቶቿ መሃል አሸት አሸት አደረገችው።

«እሱ ነው» አለች። «ግንድ አምጡልኝና ልቀመጥ። እንዳታበላሹት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ግንድ ላይ ተቀምጣ ታዛለች፣ እህቴ ትሠራለች። የቦዬው ራስ ተቆራርጦ ለዘር ተቀበረ። አፈሩ ጉብ ጉብ ተደርጎ፣ ፀሐይ እንዳይመታው ደረቅ ቅጠል ተጎዘጎዘበት። ቡቃያው ብቅ ሲል እህቴ ቀርከሃ እየሰነጠቀች ድጋፍ አቆመችለት። ውሃ በሚተኛበት በታችኛው በኩል ጎደሬ ተከለች። እኛ አገር ዝናብ እንግዳ አይደለምና ሁሉም ሳይውል ሳያድር ለመለመ። እህቴም መብላት ጀመረች፤ ጉንጯ ሞላ አለ።

ጎደሬው መጀመሪያ የደረሰ ጊዜ ለወጥ እንዲሆን ጥሬውን እንላጠው ተባባልን። ጥሬ ጎደሬ የሚልጠውን ሰው እጅ ይበላል፤ ክፉኛ ያሳክካል። እኔ ዘይት ተቀብቼ፣ ፌስታል አጥልቄም፣ ትንሽ እንደቆየሁ አንጓዬን ማከክ ጀመርኩ። ቀና ስል እህቴ በባዶ እጇ ትልጣለች። ነጩ ፈሳሽ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል።

«አይበላሽም እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ ምንም።»

«ትንሽ እንኳ?»

ቢላዋውን አስቀመጠችና እጇን ገልብጣ አየችው። «ምንም አይሰማኝም። እሳት ቢሆን እሳት መሆኑን አላውቅም። በዓይኔ እያየሁ ነው የምይዘው።»

ያኔ ነው የነገረችኝ። አረብ አገር፣ ኩሽና ውስጥ ዘይት ፈልቷል። ማዳሟ ስለ አንድ ልብስ ስትጮህባት ቆይታ እጇን ይዛ ጎተተቻት፤ ድስቱ ተገለበጠ። «አውቃ ይሁን ሳታውቅ ዛሬም አልለየሁትም» አለችኝ። «ሐኪም ቤት የወሰደችኝ ሲሸት ነው።» ይህን ብላ ቢላዋውን አነሳች። እናታችን ምድጃው አጠገብ ነበረች፤ መስማቷን እንጃ። ወጡ ሲበስል እሷ ናት ያወጣችው።

ቦዬ ሲደርስ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ አይነቀልም። አፈሩ በጎን ተከፍቶ፣ ሥሩ ሐረጉ ከሚወጣበት ራሱ በታች ተቆርጦ ይወጣል፤ ራሱ ከነሐረጉ ተመልሶ ይሸፈንና ለዘር የሚሆነውን ደግሞ ያበቅላል። ሥሩ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ የሚታወቀው አፈር ውስጥ በሚገባ እጅ ነው። እህቴ አፈሩን ከፍታ ብዙ ሞከረች። በመጨረሻ ቁጭ ብላ «አልቻልኩም፤ አፈሩንና ቦዬውን አልለየውም» አለች።

እናቴ ከግንዱ ላይ ተነስታ በጉልበቷ ተንበረከከች። «ዞር በይ። እኔ ልዳብስ፣ አንቺ እዪልኝ።»

እናቴ እጇን እስከ ክንዷ አፈር ውስጥ ከተተች። «እዚህ ጋ አንገቱ ነው። ጣቴ ይታይሻል?»

«ታየኝ።»

«ከጣቴ ዝቅ ብለሽ ቁረጪ። እጄን እንዳትቆርጪ ብቻ።»

«ከቆረጥኩሽ ሁለት እጀ ቢስ እንሆናለን» አለች እህቴ። እናቴ ሳቀች። እህቴም ሳቀች። አፈር ለአፈር ሆነው ሲሳሳቁ አይቼ እኔም ሳቄ መጣ፤ ለምን እንደሆነ ግን እያለቀስኩ ነበር። የዚያን ቀን ቦዬውን ቀቅለን ትኩስ ትኩሱን በሚያቃጥል ዳጣ እያጠቀስን በላን።

ብዙም ሳይቆይ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ጥሎ ድጋፉን ሁሉ አጋደመው። እህቴ ሐረጉ እንዳይበሰብስ ብላ አዲስ ቀርከሃ እየሰነጠቀች ስታቆም ዋለች። ከዚያ ሳምንት ያህል ቢሆነው ነው፣ ቁርስ ስንበላ ጎደሬውን አፏ ዘንድ አድርሳ መለሰችው።

«ምነው?» አልኳት።

«አገጬን ይዞኛል። ብርድ ሳይሆን አይቀርም።»

እናቴ ጉንጯን በሞቀ ጨርቅ አሸችላት። ማታ ላይ ጥርሶቿ መሃል ማንኪያ አልገባ አለ። አንገቷ ደረቀ። በማግስቱ ማለዳ በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድናት።

የመረመራት ሐኪም ወጣት ነው። «የት ነው የቆሰለችው?» አለኝ።

«አልቆሰለችም።»

እጇን አነሳና የተጣበቁትን ጣቶች በቀስታ ከፈት አደረጋቸው። ከመሃላቸው የቀርከሃ ስንጥር ገብቶ ተሰብሯል፤ ዙሪያው ጠቁሮ መግል ቋጥሯል።

«ይህን ሁሉ ቀን አላመማትም?» አለ።

«እጇ ስሜት የለውም» አልኩት። እሱም ጠባሳውን ደግሞ አየና ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። መንጋጋ ቆልፍ ነው አለኝ።

መስኮቱ የተጋረደ ክፍል ውስጥ ብቻዋን አስተኟት። በር ሲንኳኳ፣ ሰው ጮክ ብሎ ሲናገር፣ አልጋው ሲነካ ገላዋ እንደ ቀስት ይለጠጥና ይንቀጠቀጣል። አእምሮዋ ግን ሙሉ ነበር። ሁሉን ታውቃለች። እናቴን ይዣት ስገባ ልማዷ ነውና ወዲያው እጇን ዘረጋች፤ ነርሷ ቶሎ ያዘቻት።

«እናት፣ አይንኳት» አለች በሹክሹክታ። «ሲነኳት ይነሳባታል።»

«አላያትም'ኮ ልጄ። ካልነካኋት በምን አውቃታለሁ?»

«ይቅርታ እናቴ። አይሆንም።»

እናቴ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሁለት እጇን ከጭኗ በታች አድርጋ ተቀመጠችባቸው። አልጋው በእጅ ርቀት ላይ ነበር። የእህቴን ትንፋሽ ብቻ እያዳመጠች እንዲያ ሆና ቆየች። አንድ ጊዜ እህቴ በተዘጋ ጥርሷ መሃል «እማ» አለች። እናቴ «አቤት ልጄ፣ አለሁ» አለቻት፤ እሱንም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንዳይነሳባት ፈርታ። ከዚያ ወዲያ እህቴ ስትናገር አልሰማናትም። እናቴ የዳበሰቻት ነፍሷ ከወጣች በኋላ ነው። ማንም አልከለከላትም።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሰው ሞልቶት ሳለ እናቴ ጠራችኝ። «ጓሮውን አስቆፍሪው» አለችኝ። «ጎደሬውንም ቦዬውንም። ለለቅሶኛው ይቀቀል።»

«እማ፣ የዕድር ሴቶች እህል ይዘው መጥተዋል። ምን አስቸኮለሽ?»

«የልጄ ልፋት ነው። እሷን አፈር በላት፤ ልፋቷን አይበላውም።»

የዕድሩ ወንዶች ቆፈሩት። ከሩቅ የመጡት ጎረቤቶቻችን ቦዬውን እያገላበጡ አዩት፤ ከዚያ በሉት። እኔም በላሁ። ጣፋጭ ነበር፤ ያ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አርባዋ ከወጣ በኋላ የአባቴ አገር ሰዎች ዘር ፈልገው መጡ። እናቴ አፈር ውስጥ የቀረውን ራስ ሁሉ እያስቆፈረች ሰጠቻቸው። ከሥራ ስመለስ ጓሮው ጉድጓድ ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

«አንድ እንኳ አታስቀሪም?» አልኳት። ተናድጄ ነበር።

«ማን ሊቆፍረው?»

«እኔ አለሁ አይደለም?»

«አንቺ አትቆፍሪም» አለችኝ። እጄን ይዛ ጣቶቼን ለየብቻ ዳበሰቻቸው።

አሁን ጓሮው ሣር ነው። የጎረቤት ጥጃ ይግጥበታል። እናቴ ጎደሬ ሲያምራት ከገበያ እገዛላታለሁ፤ ከነልጣጩ ቀቅዬ፣ ልጬ፣ ቆራርጬ አቀርብላታለሁ። አንዳንድ ቀን ሁሉንም ትበላለች። አንዳንድ ቀን ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ብዪ፣ አንቺ ብዪ» ትለኛለች፤ እስክጨርስም ሳኝክ የሚሰማውን ድምፅ ታዳምጣለች።