ወተት የጠጣንበት የአበባ ዕቃ

ዛሬ አዴ ዲራሙ ወደ አዲስ አበባ ሊላክ በተዘጋጀው የአበባ ማስቀመጫ ወተት ሞሉበት። ዓይኔ እያየ!

አዴ ዲራሙ («አዴ» እንደ «እማማ» ነው) እዚህ ነገሌ ጎረቤቴ ናቸው። ጎርፋ ይሰፋሉ፤ ከተክል ሥር የሚሰፋ፣ በጭስ የሚታጠን የወተት ዕቃ። አሁን ሰው ሁሉ ወተቱን በጀሪካን ስለሚይዝ ስፌቱን ሊተዉት ምንም አልቀራቸውም ነበር።

እኔ ደግሞ ተመርቄ ሥራ ፈላጊ ነኝ (ጊዜ ሞልቶኛል)፣ አንዲት የአዲስ አበባ ባለሱቅ አፈላልጌ አገኘሁላቸው። «ለአበባ ማስቀመጫ እሸጠዋለሁ፤ አፉ ሰፋ ይበል፤ የጭስም የወተትም ሽታ እንዳይኖረው» አለች።

አዴ አዲሱን ቅርጽ ወደዱት። ጭሱንም ተዉላት። ወተቱ ላይ ግን እምቢ!

«አዴ፣ ይሸታል! አትወስድልንም እኮ!»

«ናጋዳ፣ ሰላም ነው ልጄ፣ አትጩኺ። ወተት ያልቀመሰ ጎርፋ ከእጄ አይወጣም። እንኪ ጠጪ።»

ጠጣሁ። እሳቸውም ጠጡ። ከዚያ አጥበው ፀሐይ ላይ አስቀመጡት።

ሲደርቅ አሸተትኩት። አሁንም ወተት ወተት ይላል። መደበቅ አልሆነልኝም፣ ለባለሱቋ ደውዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። «እና ጠጣችሁበት?» አለች። በቃ፣ ትዕዛዙ ቀረ አልኩ።

«ላኪልኝ» አለች በመጨረሻ። «ይሄኛውን አልሸጠውም፣ ወተት እጠጣበታለሁ። ሌሎቹንም እንደ ልማዳቸው አድርገው ይስፉልኝ።»

ለአዴ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ወዲያው ደግሞ ሐሳብ ገባቸው። «ይቺ ልጅ» አሉ፣ «እዚያ ከተማ የምታልባት ላም አለቻት?»

እናንተ ሰፈርስ ለገበያ ሲባል መልኩ የተቀየረ የእጅ ሥራ አለ? ባለሙያዋ «ይህን ግን አልተውም» ያለችው ምኑን ነው? አጫውቱኝ።