አቼቶው የቀረበት ሐሙስ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሜሮን ፀጉሬን ቀለም ቀባችኝ። ደብረ ብርሃን ባለው ቤታችን ጓሮ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ፣ ትከሻዬ ላይ አሮጌ ፎጣ ጣል አድርጋ፣ በአንድ እጇ ስልኳን ይዛ ታነብልኛለች። ቀለም የተቀባ ፀጉር በሙቅ ውሃ አይታጠብም፤ ፀሐይ አይመታውም፤ በመጨረሻ አንድ ማንኪያ አቼቶ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ማለቅለቅ ቀለሙ ቶሎ እንዳይለቅ ይረዳል። «እማ፣ ይህን ታውቂ ነበር?» አለችኝ። እሷ ሳትወለድ በፊት በቃሌ ያጠናሁት ነው። የተማርኩት ግን ለራሴ ፀጉር አልነበረም።

ያደግሁት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። አባታችን ገና በልጅነታችን ስለሞተ ቤቱ የእናቴ፣ የታላቅ ወንድሜ የጌትነትና የእኔ ነበር። ጌትነት ወደ ድንበሩ ጦርነት ሲዘምት እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። የእናቴ ፀጉር ያን ጊዜ እንደ ኑግ የጠቆረ ነበር። መናኸሪያ ድረስ ሸኘነው። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «እንዳታረጂብኝ» አላት። ቀልዱን ነው፤ ቀልድ ይወድ ነበር። እሷ ግን አደራ አድርጋ ተቀበለችው።

አደራውን ለመጠበቅ ግን አልቻለችም። በዓመቱ ግንባሯ አካባቢ ሸበተች፤ በሁለተኛው ዓመት ራሷ በሙሉ አመድ መሰለ። ጦርነቱ አበቃ ተባለ። የአንዳንዱ ቤት ልጅ ተመለሰ፤ የእኛ አልመጣም፤ ወሬውም አልመጣም።

በዚያ ሰሞን ገበያው ዳር አንዲት ፀጉር ሠሪ ቤት ከፍታ ነበር። እናቴ አንድ ቀን ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ተከናንባ ገባችና ጠቁራ ወጣች። ከተማው አፉን ከፈተ። ባል የሞተባት ሴት ፀጉሯን የምታጠቁረው ለማን ነው ተባለ። የነፍስ አባታችን ሳይቀሩ ቤት ድረስ መጥተው ገሠጿት።

«አባቴ፣ ልጄ ከአውቶቡስ ሲወርድ አልፎኝ እንዳይሄድ ነው» አለቻቸው።

አባም መስቀላቸውን አሳለሟትና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሡትም።

ፀጉር ሠሪዋ እኔን ለብቻዬ ጠርታ ሥርዓቱን አስጠናችኝ። እንዶድ እንዳታስነኪው፣ ሙልጭ አድርጎ ያወጣዋል አለችኝ። የልብስ ሳሙናም እንዲሁ። ቅቤ ይቅር፤ ቀለሙን ይዞ አንገቷ ላይ ይወርዳል። የጉድጓድ ውሃ ፀጉር ያደርቃል፣ ከቆርቆሮ የወረደ የዝናብ ውሃ ይሻላል። በሁለት ሳምንት አንዴ ብቻ ታጠቢያታለሽ፤ መጀመሪያ ወፍራም ሻይ አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ ታፈሺበታለሽ፤ የመጨረሻው አቼቶ ነው። ፀሐይ ላይ እንዳትቀመጥ። እኔም በክረምት የሞላውን በርሜል ክዳን አበጅቼለት ለእናቴ ራስ ብቻ አዋልኩት፤ ጎረቤት እንኳ ሲለምነኝ እነፍግ ነበር።

የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት በርሜሉ ላይ ስስ በረዶ ሰብሬ የምቀዳው ውሃ ነው። እናቴ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባናዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀምጣ አንገቷን ትደፋለች። ውሃው ሲነካት ጥርሷ ይንገጫገጫል። «ትንሽ ለብ ላድርገው?» እላታለሁ። «አታድርጊ። ቀለሙ ይሄዳል» ትለኛለች። ራስ ምታቱ ሁለት ቀን አይለቃትም ነበር። አንዴም አላማረረችም። አቼቶው ሲፈስ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ እሷ ግን ያን ሽታ ወደደችው። «አሁን ያዘ» ትላለች። በሁለት ዓመት ውስጥ አቼቶውን አንድም ቀን አላስቀረሁትም።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ጥቅምት ላይ፣ አንድ ረቡዕ፣ የእናቴ ወንድም ጋሼ ተክሌ ከትምህርት ቤት ስወጣ መንገድ ላይ ጠበቁኝ።

«ጌትነት ከሞተ ቆይቷል፤ ወረቀቱ አሁን ነው የደረሰን» አሉኝ። «መርዶው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነው። የሞላሌና የግሼ ዘመድ እስኪሰበሰብ እንቆይ። ላንቺ የነገርኩሽ እናትሽ ገበያ እንዳትወጣ እንድትይዢያት ነው፤ ከሰው አፍ ያመልጣል። እህልም አቅምሻት። እስከዚያ ፊትሽን ጠብቂ።»

«እንዴት አድርጌ?» አልኳቸው።

«እንደ ሌላው ሰው። እኔ ሳምንት ሙሉ ጠብቄ የለም?»

የአገራችን ሥርዓት ነው። መርዶ በአንድ ሰው አፍ፣ በመንገድ፣ በድንገት አይነገርም። ወገን ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ከጎን ቆሞ ነው የሚነገር። ደግ ሥርዓት ነው፤ ዛሬም ደግ ነው እላለሁ። ግን እስከዚያ ድረስ ከእናት ጋር አንድ ቤት የሚያድረውን ሰው ያሰበለት የለም። ወንድሜን ለማልቀስ እንጨት ለቀማ ብዬ ወጥቼ ቁጥቋጦ ሥር ነጠላዬን ነክሼ አለቀስኩ። ፊቴን ታጥቤ ገባሁ።

በማግሥቱ ሐሙስ የእጥበት ቀኗ ነበር።

«ነይ ጠጉሬን አጠቢኝ። ሰሞኑን በሕልሜ እየመጣ ነው» አለችኝ።

ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። ውሃ ቀዳሁ። አንገቷ ቀጭን ነበር፤ ያን ያህል መቅጠኑን ያን ቀን ገና አየሁት። አጠብኳት። ሻዩን አፈሰስኩ። ወደ አቼቶው እጄን ስዘረጋ ግን እጄ አልሄድ አለኝ። ቀለሙ እስከ መቼ እንዲቆይ ነው? ቅዳሜ ጠዋት ለቅሶ የሚመጡት ሴቶች ይህን ፀጉር በምላጭ ያወርዱታል። አቼቶውን ማፍሰስ በእናቴ ላይ መዘባበት መሰለኝ። ፎጣውን አንሥቼ ራሷን መጠቅለል ጀመርኩ።

«አቼቶውስ?» አለች።

«አልቋል።»

ቀና አለች። ጠርሙሱ መስኮቱ ላይ፣ ከግማሽ በላይ ሞልቶ፣ ፀሐይ እያበራበት ቆሟል። አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። የዐይኔ ቆብ አብጦ ኖሮ እንደሆነ አላውቅም። ረጅም ጊዜ ያየችኝ ይመስለኛል፤ ምናልባት አንድ አፍታ ነው።

«ካለቀ ምን ይደረጋል» አለችና ፎጣውን ከእጄ ተቀብላ ወደ ቤት ገባች።

ዓርብ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሻሽ የለም፤ ነጠላ የለም። ያን በጥላ ስትጠብቀው የኖረችውን ፀጉር ፈትታ ለፀሐይ ሰጥታዋለች። ከአጠገቧ የጌትነት ባና አጥር ላይ ተሰጥቷል። ቤቱ ተጠርጓል፤ ዕቃው ሁሉ ለብዙ እንግዳ እንደሚሆን ወደ ጥግ ተገፍቷል። ነገሩ ገባኝ። ሄጄ እግሯ ሥር መውደቅ ነበረብኝ። የጋሼ ተክሌ ቃል ያዘኝ፤ ፍርሃትም ያዘኝ። «ምሳ ላቅርብ?» አልኳት። «እንዳሻሽ» አለችኝ። ሁለታችንም እያወቅን አንድ ቀን ሙሉ ቆሎ ስንለቅም ዋልን።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ መጡ። በሩ ተከፍቶ ጠበቃቸው። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ጋሼ ተክሌ ወደ እኔ ዞሩ፤ እንደዚያ ያለ ፊት አይቼባቸው አላውቅም።

«ማን ነገራት?»

«ልጄን ተዋት» አለች እናቴ። «ማንም አልነገረኝም። ጠጉሬ ነው የነገረኝ።»

ሰዎቹ የሐዘን ንግግር መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ። ትርጉሙን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከዚያ ጩኸቱ ተነሣ።

ረፋድ ላይ ሴቶቹ ላጯት። ጥቁሩ ፀጉር ጭኗ ላይ ወደቀ፤ ሥሩ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ነጭ ነበረችው። ከዚያ በኋላ ያደገው ሁሉ ነጭ ነበር፤ እሷም እስክትሞት አልነካችውም። ስለዚያ ሐሙስ አላነሣችብኝም፤ እኔም ደፍሬ አልጠየቅኋት።

እና ባለፈው እሑድ ሜሮን አጥባኝ ስትጨርስ ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠችና ፎጣውን አነሣች። የአቼቶው ጠርሙስ ደረጃው ላይ እንደቆመ ነው። ታላቅ ወንድሟ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ሦስት ቀን ስልኩ አልሠራም ነበር። ፀጉሬን የተቀባሁትም ለፋሲካ ስለሚመጣ ነው።

«አቼቶውስ?» አልኳት። ድምፄ የእናቴን መስሎ ተሰማኝ።

«ውይ፣ ረስቼው።»

ፊቷን አየሁ። ዐይኗን አየሁ፣ አብጦ እንደሆነ።

«ወንድምሽ ደውሏል?»

«ጠዋት ደወለ እኮ። ቤተ ክርስቲያን ነበርሽ፤ ስልኩ ተበላሽቶበት ነው። ምነው እማ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም። አፍስሺው።»

«ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ለብ ላድርግልሽ?»

«አታድርጊ» አልኩና አንገቴን ደፋሁ።

ውሃው ሲወርድብኝ ጥርሴ ተንገጫገጨ፤ ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠው። ያን ሐሙስ አቼቶውን ማፍሰስ ከንቱ መስሎኝ ነበር። አንድ ማንኪያ ባልነፍጋት ኖሮ እናቴ ሁለት ቀን ተጨማሪ ልጇን በተስፋ ትጠብቅ ነበር።