በፀሐዩ ፀ የተከፈተ በር

ደባርቅ መናኸሪያ ጥግ ባለችው ጽሕፈት ቤት ወለተ ሥላሴ ስትተይብ ያያት ሰው ክራር የምትመታ ይመስለዋል። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣውን ሁሉ «ይኼ እኮ በሐመሩ ሐ ነው፣ ያ ደግሞ በንጉሡ ሠ» እያለች ታስቆመዋለች። ባለጉዳዩም «ልጄ፣ ዳኛው እንደሆነ ለፊደሉ ብሎ አይፈርድልኝ» ይላታል። ምን ታድርግ፤ የዳባቱ ቅኔ መምህር የመሪጌታ መልከ ጼዴቅ ልጅ ናት። ፊደል ማምታታት የሰው ስም ከማምታታት አይለይባትም።

በማመልከቻው መሐል ግጥም ትጽፋለች። ከግጥሞቿ አንዱን ሰይፈ ሥላሴ የሚባል የጎንደር ወጣት ድምፃዊ ወደደው፤ በኢንተርኔት ለከፋይ አባላት ብቻ በሚተላለፍ ውድድር ሊዘፍነው ሆነ። «ጎንደር ነይና አብረን እንሥራ» ብሎም ጠራት። አባቷ ከብዙ ልመና በኋላ፣ «አንድ ጊዜ ልስማው። ቁም ነገር ካለው ትሄጃለሽ፤ ባዶ ጩኸት ከሆነ ግን ጎንደርን እርሺው» አሉ። ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት ላይ በቀጥታ ይተላለፋል። መሪጌታም ለዚሁ ብለው ከዳባት መጡ።

አባልነቱ ግን የሙጃሂድ ነው። ይህ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ብቻውን ከፍሎ የይለፍ ቃሉን ለጓደኞቹ ሁሉ ያድላል። እኅቱ ኢክላስ አይዋጥላትም።

«ሱቃችን ገብቶ ሰው በነፃ ሻሽ ቢወስድ ዝም ትላለህ?»

«ሻሽ ያልቃል። ዘፈን አያልቅም።»

«ዘፋኙ ነዋ የሚያልቀው።»

ወለተ ሥላሴም በሙጃሂድ የይለፍ ቃል ዘፈን ስትሰማ የኖረች ናት፤ ግጥሙ የራሷ ሲሆን ጊዜ የኢክላስ ነገር ቆነጠጣት። ደግሞም ጆሮ ያላገኘ ግጥም ምኑ ግጥም ነው ትላለች።

ዐርብ ዕለት ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ቡይት ራስ ካሉት የቱሪስት ሎጆች ድረስ ዘልቆ፣ ተጠቃሚው በዛና ሙጃሂድ ከገዛ አካውንቱ ተባረረ። ተናዶ ቃሉን ለወጠው። በማግሥቱም ለማንም ሳይነግር ጨርቁን ጭኖ ወደ መካነ ብርሃን ገበያ ሄደ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ፣ መሪጌታ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ ኢክላስ በስንት መከራ በስልክ አገኘችው። «የሐምሌ ፀሐይ፤ በአማርኛ ነው፣ ሳይነጣጠል» አለና መስመሩ ተቆረጠ። ጻፈች፤ ስሕተት። አንዱን ሀ በሌላው ሃ ተካች፤ ስሕተት። ጸውን ለወጠች፤ ስሕተት። አራተኛው ሲከሽፍ ኮምፒውተሩ «አንድ ሙከራ ቀርቶዎታል፤ ከዚያ ለአንድ ቀን ይዘጋል» አለ።

«የኔታ፣ ይቅርታ፤ እጄ ነው» አለች ኢክላስ።

«እጅሽ ምን አደረገ፣ ልጄ» አሉ መሪጌታ። «ጥፋቱ የአስተማሪሽ ነው።»

ወለተ ሥላሴ ዐይኗን ጨፈነች። የሐምሌ ፀሐይ ያለችው እኮ እሷው ናት፤ የግጥሟ መነሻ ነው። ሙጃሂድ ግጥሙን ያነበበው እሷ ተይባ ከሰጠችው ወረቀት ነው። ሌላ ሰው እንዳይገባ የእሷን ፊደል ቁልፍ አድርጎታል ማለት ነው።

«ተነሽልኝ፣ ኢክሉ።»

ሐመሩ ሐ። ፀሐዩ ፀ። እንደገና ሐመሩ ሐ። የመጨረሻውን ቁልፍ ተጫነች።

ተከፈተ። ዐሥር ሰዓት ሲሞላ ሰይፈ ሥላሴ ማሲንቆውን ደረቱ ላይ ይዞ ብቅ አለ፤ ድምፁ እንደ ክረምት ምንጭ ከሥር ከሥሩ ፈለቀ፦

የሐምሌ ፀሐይ ሆይ፣ ምነው መደበቅሽ፣
ልቤን አስጥቼልሽ ሳይደርቅልኝ መጥለቅሽ።

ኮፒ ሊያስነሣ የመጣው፣ አውቶቡስ የሚጠብቀው፣ ሁሉም ወደ ውስጥ ጎረፈ። ሁለተኛው ዙር ላይ ቤቱ በሙሉ ይቀበል ጀመር፤ እንግዳው፣ ነዋሪው፣ ማመልከቻውን በእጁ የያዘው ሳይቀር። ከዘፋኙ ሥር «ግጥም፦ ወለተ ሥላሴ» የሚል ጽሑፍ አለፈ።

«ይቺ? የእኔን የመሬት ክርክር የጻፈችው?» አለ አንዱ።

ኢክላስ ስልኳን አውጥታ በራሷ ስም ለአባልነት መመዝገብ ጀምራለች። «እኔ አንቺን የምሰማሽ ከፍዬ ነው» አለቻት።

መሪጌታ ግን አገጫቸውን መቋሚያው ላይ እንዳስደገፉ ናቸው። ልጃቸው ከፊታቸው ቆመች።

«አስጥቼልሽ አልሽ፤ እንደ እህል፣ እንደ ልብስ» አሏት። «ሰጥቼሽ ማለትሽ ነው። ማስጣቱ ሰም፣ መስጠቱ ወርቅ።»

«አዎ፣ አባባ።»

«ይበል» አሉ፤ ሠላሳ ዓመት ቅኔ ሲያስተምሩ ለስንት ተማሪ የነፈጓትን ቃል። ወዲያው አውቶቡስ ወደሚጠብቀው ሰው ዞረው ጠየቁት።

«የጎንደሩ ሰኞ ጠዋት በስንት ሰዓት ነው የሚነሣ?»